የይፋት ቆላ መንገድና የመጓጓዣ ኃይል፤ ከግመል እስከ ኤሌክትሪክ ባቡር

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ደሴ የሚያመራው አውራ ጎዳና ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማበር ሲደርስ የሸዋ ደጋ በድንገት ያበቃል። ከዋሻው ወዲያ መንገዱ በደብረ ሲናና በአርማንያ በኩል እየተጠማዘዘ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ይገባል። ጣርማበር ከባሕር ወለል በላይ 3200 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው ሸዋ ሮቢት ግን በ1280 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ መንገደኛው 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጉዞ ውስጥ ወደ 1900 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ይወርዳል፤ ሲመለስም ያንኑ ያህል ዳገት ይወጣል። በይፋት ቆላና በሸዋ ደጋ መካከል ዕቃ ያመላለሰ ሁሉ፣ በየትኛውም ዘመን ቢሆን፣ ይህን ዳገት በአንድ ዓይነት ኃይል መክፈል ነበረበት።

ስለ መጓጓዣ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው ተሸካሚው ነው፤ ግመሉ፣ የጭነት መኪናው፣ ባቡሩ። የይፋትን ቆላ ታሪክ በቅደም ተከተል ለተመለከተ ግን የመንገዱን ዕድል ሲወስን የኖረው ተሸካሚው የሚመገበው ነገር ሆኖ ይገኛል። ለግመሉ ቅጠልና ውሃ፣ ለመኪናው ናፍጣ፣ ለባቡሩ የኤሌክትሪክ ኃይል በቦታው ሲገኝ መንገዱ ሕይወት ይዘራል፤ ሲጠፋ ወይም ሲዘገይ ደግሞ የተሠራው ሥራ ያለ አገልግሎት ይቆማል። ዛሬ አገሪቱ ከነዳጅ ዘይት ወደ ኤሌክትሪክ መጓጓዣ ፊቷን ባዞረችበት ወቅት ይህ ታሪክ ለሙያ ሰዎች የሚሰጠው ትምህርት ቀላል አይደለም።

በወላስማ ሥርወ መንግሥት ሥር ከ13ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ጀምሮ የታወቀው የይፋት ሱልጣኔት የቆመው በዚሁ በደጋውና በቆላው መጋጠሚያ ላይ ነበር። ከዘይላ ወደብ የሚነሳው የንግድ መንገድ የቆላውን ምድር አቋርጦ ወደ ደጋው የሚደርሰው በይፋት በኩል ስለነበረ ሱልጣኔቱ ኃይሉንም ሀብቱንም ያገኘው ከዚሁ ነው። በይፋት ተረተሮች ላይ የሚገኙት የኖራ፣ የአስበሪና የማሳል ጥንታዊ ከተሞች ፍርስራሾች፣ ከነድንጋይ መስጊዶቻቸው፣ የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው። ከተሞቹ በዚህ ሥፍራ መሠራታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። የቆላው ግመል የደጋውን ብርድና ጭንጫ ዳገት አይችልም፤ የደጋው በቅሎና አህያ ደግሞ የበረሃውን ጥማት አይቋቋሙም። ስለዚህ ሸክሙ ከአንዱ ጀርባ ወርዶ በሌላው ጀርባ ላይ የሚጫንበት ቦታ ያስፈልግ ነበር፤ ያ ቦታም ይፋት ነበር።

ይህ ሥርዓት እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ሳይለወጥ ቆየ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከአሳል ሐይቅ የሚመጣው ጨው በአፋር ግመሎች ተጭኖ ወደ ሸዋ ይገባ ነበር፤ ከሸዋም ቡና፣ የዝሆን ጥርስና በዚያ ክፉ ንግድ የሚሸጡ ሰዎች ወደ ባሕር ይወርዱ ነበር። ከአንኮበር ሥር ያለችው የአልዩ አምባ ገበያ የዚህ ልውውጥ ማእከል ነበረች። በ1833 ዓ.ም. ከታጁራ ተነስቶ ወደ አንኮበር የመጣው የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ጓዙን በግመል አስጭኖ በአሳል በኩል ከብርቱ ጥማት ጋር እየታገለ ከተጓዘ በኋላ ግመሎቹን ያራገፈው በቆላው ጠርዝ፣ በፋሬ ነው። ከፋሬ ወዲያ ያለውን ዳገት ሸክሙ የወጣው በሰው ትከሻና በአጋሰስ ጀርባ ነበር። የቅፍለቱ ፍጥነት፣ የሚነሳበት ወራትና የሚያርፍበት ሰፈር ሁሉ የሚወሰነው በውሃ ጉድጓድና በግጦሽ ነበር፤ ውሃውን የያዘው የጎሣ መሪም በመንገዱ ላይ ሥልጣን ነበረው።

የመጀመሪያው ታላቅ ለውጥ የመጣው ይፋትን ሳይነካ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። የሸዋ ርእሰ ከተማ አስቀድሞ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ተዛውሮ ስለነበር የባሕሩ ንግድ በአዋሽ በኩል አለፈ። የአልዩ አምባና የፋሬ ገበያዎች ግመላቸውና ነጋዴአቸው ሳይጠፋ፣ መንገዱ ስለራቃቸው ብቻ ተዳከሙ።

ሞተር በኢትዮጵያ ምድር የታየው በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ በመጣው አውቶሞቢል ቢሆንም የይፋት ቆላ የሞተርን ብርቱ ድምፅ የሰማው በ1928 ዓ.ም. ነው። ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የመራው የኢጣሊያ ሠራዊት ከ1500 በሚበልጡ ተሽከርካሪዎች ተጭኖ በዚሁ መንገድ አለፈ፤ ጣርማበር ላይ መንገዱ ተቆርጦ ስለነበር ጥቂት ጊዜ ተገታ፤ በመጨረሻም ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ ወራሪው ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል እስከ አሥመራ የሚዘልቀውን አውራ ጎዳና በብዙ ወጪና በብዙ ጉልበት ሠራ፤ የጣርማበርንም ተራራ ፈልፍሎ ዋሻ አወጣ። በግመልና በበቅሎ መካከል የነበረው የሸክም መለዋወጫ በዚህ ጊዜ ፈረሰ፤ አንድ የጭነት መኪና ቆላውንም ደጋውንም በአንድ ሸክም የሚያዳርስ ሆነ።

ነገር ግን መኪናው የሚመገበው ነዳጅ በአገር ውስጥ አልነበረም። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣሊያ ወደ ጦርነቱ በገባች ጊዜ የስዊዝ ቦይ በእንግሊዝ እጅ ስለነበረ በምሥራቅ አፍሪካ ያለው የኢጣሊያ ጦር ከነዳጅም ከጎማም ምንጩ ተቆረጠ። አርበኞች በዱር በገደሉ ሲያስጨንቁት የኖረው ይህ ጦር አሁን በሠራው አስፋልት ላይ እንደ ልቡ መንቀሳቀስ ተሳነው። ለሽንፈቱ ምክንያቶቹ ብዙ ቢሆኑም ከመንገድ ግንባታ አንጻር ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ ዋሻውና ድልድዩ በቦታቸው እያሉ በላያቸው የሚያልፈው ቀነሰ።

ከነጻነት በኋላ፣ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም፣ ይህ መንገድ ከአገሪቱ ዋና ዋና መስመሮች አንዱ ሆኖ ቀጠለ። የአሰብ ወደብ ሲስፋፋም ከአሰብ በሚሌ፣ በባቲና በኮምቦልቻ የሚመጣው ጭነት ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው በሸዋ ሮቢት አልፎ ነበር። በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ በ1959 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ጀመረ። በዚያ ዘመን ተሳቢ የሚጎትቱት ከባድ መኪናዎችና ነዳጅ የጫኑ ቦቴዎች ዳገቱን ከመጀመራቸው በፊት በሸዋ ሮቢት አረፍ ይሉ ነበር፤ ሹፌሩ ውሃና ዘይት ያያል፣ ረዳቱ ጎማ ይመታል፣ ሆቴሉና ሻይ ቤቱም በዚሁ ይኖራል። በግመል ዘመን ሸክም የሚለዋወጡበት የዳገት ሥር በመኪና ዘመን ኃይል የሚያሰባስቡበት ሆነ።

በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በመካከለኛው ምሥራቅ በተነሳው ጦርነት ምክንያት የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲንር የአገሪቱ ድካም ተጋለጠ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ መጨመር ምክንያት ያደረጉት የሥራ ማቆም አድማ ለአብዮቱ መንገድ ከጠረጉት ክስተቶች አንዱ ለመሆን በቃ። በኋላም ከአዋሽ እስከ ሚሌ ያለው መንገድ ሲከፈት ከባዱ ጭነት በቆላው በኩል ዞረ፤ የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘጋ፤ በግንቦት 1990 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው ጦርነት ምክንያትም አገሪቱ ፊቷን ከአሰብ ወደ ጅቡቲ አዞረች። ሸዋ ሮቢት በምድር ባቡሩ ዘመን የአልዩ አምባን ገበያ ያገኘው ዕጣ በከፊል ደረሰባት፤ የደሴ መንገደኛ ማረፊያና የቆላው ሽንኩርት፣ ማሾና ፍራፍሬ መጫኛ ሆና ግን ጸናች።

አሁን ስለ ዳገቱ ጥቂት ስሌት ማቅረብ ይገባል። አንድ ቶን ክብደትን 1900 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት፣ የጎማና የአየር ፍትጊያ ሳይታሰብ፣ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ከነጭነቱ 30 ቶን የሚመዝን መኪና ከሸዋ ሮቢት ጣርማበር ለመውጣት 155 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል ማለት ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ሲኖረው ሞተሩ ከዚህ ወደ ሥራ የሚለውጠው ቢበዛ 40 በመቶ ያህሉን ስለሆነ ለከፍታው ብቻ 40 ሊትር የሚጠጋ ናፍጣ ይቃጠላል። ያው መኪና ሲወርድ ደግሞ ይህ ሁሉ ኃይል በማርሽና በፍሬን ተይዞ ወደ ሙቀት ተለውጦ በነፋስ ይበተናል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ተሽከርካሪ በቁልቁለቱ ላይ ሞተሩን እንደ ጄኔሬተር አድርጎ ከዚህ ኃይል ከፊሉን ሊመልስ ይችላል። እንዲህ ባለ አገር፣ ተራራው ለናፍጣ ሞተር ኪሳራ ብቻ ሲሆን ለኤሌክትሪክ ሞተር ግን በከፊል የሚመለስ ብድር ነው።

ናፍጣን በሌላ ለመተካት በመጀመሪያ የተሞከረው ግን ኤሌክትሪክ አልነበረም። የፊንጫአ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ የሚያወጣውን ኤታኖል ከቤንዚን ጋር በ5 በመቶ መጠን መቀላቀል በአዲስ አበባ በ2001 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. መጠኑ ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የውጭ ምንዛሪ ያድናል፣ የስኳር ፋብሪካውንም ተረፈ ምርት ለጥቅም ያውላል። ይሁን እንጂ ሁለት ወሰኖች ነበሩት። አንደኛ፣ የኤታኖሉ መጠን በሞላሰሱ መጠን የታጠረ ነው። ሁለተኛ፣ ድብልቁ ለቤንዚን መኪና እንጂ ለናፍጣ ሞተር አይሆንም፤ የይፋትን ዳገት የሚወጣው ሸክም ደግሞ በሞላ ጎደል የሚጎተተው በናፍጣ ነው። በአዲስ አበባ ለቤት መኪና የተገኘው መፍትሔ ለቆላው የጭነት መኪና አልደረሰም።

ለዚህ ሸክም የታሰበው መልስ የኤሌክትሪክ ባቡር ነበር። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመር ግንባታ በቱርኩ ኩባንያ በያፒ መርከዚ ተቋራጭነት በየካቲት 2007 ዓ.ም. ተጀመረ። መስመሩ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው የመጀመሪያው ምዕራፍ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመስከረም 2009 ዓ.ም. ምረቃው በኋላ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ከጀመረው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ጋር አዋሽ ላይ ይገናኛል፤ በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በከሚሴ በኩል ያልፋል። ሐዲዱ የጣርማበርን ዳገት ለመውጣት አልሞከረም፤ ከአዋሽ ተነስቶ የቆላውን ዝቅታ ተከትሎ ወደ ሰሜን ይሄዳል። በዚህም መሐንዲሶቹ የመኪናውን መንገድ ትተው የግመሉን ምድር መረጡ ማለት ይቻላል። ለገበሬው ትርጉሙ ግልጽ ነበር፤ የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ለናፍጣ ወረፋ ሳይጠብቅ፣ በሙቀትም ሳይበሰብስ፣ በአንድ በኩል ወደ አዲስ አበባ፣ በሌላ በኩል ወደ ጅቡቲ ይደርሳል።

ሐዲዱ ተነጠፈ፣ ድልድዩና ዋሻው ተሠራ፣ 25 ኪሎ ቮልት የሚሸከመው የላይ ገመድም ተዘረጋ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሥራ ሲገባደድ ግን ባቡሩን የሚመግበው የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ማከፋፈያ ጣቢያዎቹ በጊዜው አልደረሰም። ሐዲዱን የሚያሠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ የኃይል ማስተላለፊያውን መስመር የሚዘረጋው ሌላ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ሁለቱ ሥራዎች እኩል ሊጓዙ አልቻሉም። መስመሩ መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ዘለቀ፤ በሰው ሕይወትና በንብረት ላይ ከደረሰው ጥፋት በተጨማሪ የባቡር ፕሮጀክቱም ጉዳት ደረሰበት። ቢመላለስበት ኖሮ የብዙዎች ጥበቃ የሚኖረው ሐዲድ በዚያ ጊዜ ባለቤቱ የሩቅ የሆነ ንብረት መስሎ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ መጓጓዣ የመንግሥት ፖሊሲ ሆኗል። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ የሚከለክል ውሳኔ ይፋ ሆነ። 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ስለዚህ አገሪቱ ከዚህ ቀደም አጥታው የኖረችውን ነገር፣ ከራሷ ወንዝ የሚወጣ የመጓጓዣ ኃይል፣ በእጇ ይዛለች። ኢጣሊያ በስዊዝ የተቆረጠባት፣ ኢትዮጵያም በ1966 ዓ.ም. የተቃጠለችበት የባዕድ ነዳጅ ጥገኝነት ሊቀንስ የሚችልበት ዘመን ነው።

ነገር ግን በግድቡ ተርባይንና በሸዋ ሮቢት መካከል ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ምሰሶና ሽቦ አለ። የይፋት ታሪክ የሚያሳየው ችግሩ ዘወትር በዚህ የመጨረሻ መጋጠሚያ ላይ መገኘቱን ነው፤ በፋሬ በግመልና በበቅሎ መካከል፣ በ1932 ዓ.ም. በአስፋልትና በነዳጅ ዴፖ መካከል፣ በቅርቡም በሐዲድና በማከፋፈያ ጣቢያ መካከል። የቀደሙት ነጋዴዎች መጋጠሚያውን ዐውቀው ከተማ ሠሩበት፤ መኖና ውሃ አሰናዱለት። የዛሬው መሐንዲስ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ፣ የጭነት መኪና ወይም የባቡር ጥናት ሲቀርብለት ከተሽከርካሪው ብዛትና ከሐዲዱ ርዝመት አስቀድሞ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ፤ ኃይሉ ከየትኛው ጣቢያ ይመጣል? መስመሩን የሚዘረጋው ማን ነው? ገንዘቡ በየትኛው ዓመት በጀት ተይዟል? የሁለቱ ሥራዎች ማለቂያስ በአንድ ውል ታስሯል? እነዚህ በጽሑፍ ሳይመለሱ የሚጀመር ሥራ፣ መኖው ሳይሰናዳለት በረሃ እንደሚገባ ቅፍለት ይሆናል።