በበረዶው ወራት የተፀነሱ የሕፃናት መጻሕፍት

ሥዕልን ከቃል አስማምቶ ለሕፃን ማቅረብ በአውሮፓ የቆየ ጥበብ ነው፤ የሞራቪያው ሊቅ ያን ኮሜኒዩስ በፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ ናቸው) በ1658 ዓ.ም. በኑረንበርግ ባሳተመው መጽሐፍ ፍጥረታትን በሥዕል እያሳየ ስማቸውን በላቲንና በጀርመንኛ ያስተምር ነበር። ይሁን እንጂ የሥዕል መጽሐፍ ለብዙ ዘመን ስም ማስጠኛና ጠባይ ማረቂያ ሆኖ ሲኖር፣ ሕፃኑ በሌሊት ጨለማ የሚሰማውን ፍርሃት እንደ ቁም ነገር ቆጥሮ የተቀበለ ደራሲ ጥቂት ነበር። ከእነዚያ ጥቂቶች አንዷ፣ በእኔ አስተያየት የሁሉም በላይ፣ በስዊድንኛ ትጽፍ የነበረችው ፊንላንዳዊት ሠዓሊት ቶቬ ያንሶን ናት።

ቶቬ በ1914 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ስትወለድ አባቷ ቪክቶር ያንሶን ቀራጺ፣ እናቷ ሲግኔ ሃማርስተን ደግሞ የመጻሕፍት ሥዕልና የፖስታ ቴምብር ነዳፊ ስለ ነበሩ፣ ልጅቱ ብሩሽና ቀለም እንደ ሳህንና ማንኪያ በሚታይበት ቤት አደገች። ገና በለጋ ዕድሜዋ «ጋርም» ለተባለው የፌዝ መጽሔት መሣል ጀመረች፤ በ1938 ዓ.ም. ሂትለርን ኬክ ጨምሩልኝ እያለ የሚያለቅስ ሕፃን አድርጋ በሽፋኑ ላይ አወጣችው። በዚያው መጽሔት ከፊርማዋ አጠገብ የምታኖረው አንድ አፍንጫ ረጅም ትንሽ ፍጡር ነበር፤ በኋላ «ሙሚን» ተብሎ ዓለም ያወቀው ከእርሱ የወጣው ነው።

በ1939 ዓ.ም. ማብቂያ የሶቪየት ሠራዊት ፊንላንድን ሲወር፣ ያ የበረዶ ወራት ሥዕል መሣል ለቶቬ ከንቱ ድካም መስሎ የታያት ወራት ሆነ፤ ስለዚህም «ከዕለታት አንድ ቀን» ተብሎ የሚጀመር ታሪክ ለመጻፍ ልቧ ተነሣሣ፤ መሳፍንትንና ልዕልቶችን ግን ትታ ያን የመጽሔት ፍጡር ባለታሪክ አደረገችው። ጅምሩ ለዓመታት ተቀምጦ ቆይቶ በ1945 ዓ.ም. ታተመ። እናትና ልጅ የጠፋውን አባት እየፈለጉ፣ ብርዱ ሳይደርስባቸው የሚጠለሉበትን ስፍራ እየተመኙ፣ በጽልመታዊ ደንና በጎርፍ መካከል ይጓዛሉ፤ ከካሬሊያ ምድር ብቻ ከ400 ሺህ በላይ ነፍስ ቤቱን ጥሎ በተሰደደበት አገር ይህ ለማንም አንባቢ የሩቅ ተረት አልነበረም።

ከሙሚን የሥዕል መጻሕፍቷ የመጀመሪያው የሆነው «ከዚያስ ምን ሆነ?» የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ሙሚን ወተት ይዞ በደን ውስጥ ወደ እናቱ ሲመለስ፣ እኅቷ ትንሿ ሚ የጠፋችባትን ሚምላን ያገኛል፤ ፍለጋውንም አብሯት ይያያዘዋል። የመጽሐፉ ብልኀት ያለው በወረቀቱ ላይ ነው፤ ገጾቹ በስለት ተበስተዋልና፣ በቀዳዳው በኩል የሚመጣው ገጽ ቍራጭ ብቻ ይታያል፤ ያም ቍራጭ የምን አካል እንደ ሆነ፣ የወዳጅ ይሁን የሚያስፈራ ነገር፣ ገጹ ሳይገለጥ አይታወቅም። ጣቱን በቀዳዳው አሾልኮ ወዲያ ማዶ ያለውን የሚዳስስ የአራት ዓመት ልጅ፣ ከማያውቀው ነገር ጋር መገናኘትን በገዛ እጁ ይለማመዳል። ስዊድን በዓመቱ የኒልስ ሆልገርሶንን ሽልማት ለዚህ መጽሐፍ መስጠቷ ተገቢ ነበር።

ሁለተኛው፣ በ1960 ዓ.ም. የታተመው «ክኒትን ማን ያጽናናዋል?»፣ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ነው። ክኒት የተባለው ትንሽ ፍጡር ብቻውን ይኖራል፤ ሌሊት ሲፈራ የቤቱን መብራት ሁሉ ያበራል፤ ሲነጋ ቤቱን ለቅቆ ይሄዳል፤ በየመንገዱ የሚደሰቱ ብዙዎችን ቢያገኝም ሰላም ለማለት ዐፍሮ በሩቅ ይቀራል፤ ደራሲዋም ስለ ዐፋርነቱ አንዲት የነቀፋ ቃል አትሰነዝርበትም። በባሕር ዳር በጠርሙስ የታሸገ ደብዳቤ ባገኘ ጊዜ ግን፣ ስክሩት የተባለች ሌላ ብቸኛ ፍጡር ፈርታ እንደምትኖር ያነብባል፤ እስከዚያች ሰዓት አጽናኝ ሲሻ የኖረው እርሱ አጽናኝ ሊሆን ይነሣል። በመንገዱ ላይ የቆመችው ሞራን፣ የተቀመጠችበትን መሬት ውርጭ የምታደርግ፣ በጥቁር ግዝፈቷ ገጹን ያስጨነቀች ናት፤ ክኒት ግን ይነክሳታል። ሌላ ደራሲ ቢሆን ክኒትን ከዚህ ድል በኋላ አንደበተ ርቱዕ ባደረገው ነበር፤ ቶቬ ግን የሰውን ልብ ታውቃለችና፣ ሞራንን የደፈረው ያው ክኒት ከስክሩት ፊት ሲደርስ ቃል ያጥረዋል፤ ሊነግራት ያልቻለውንም በደብዳቤ ይጽፍላታል።

ቶቬ በ1966 ዓ.ም. የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰንን ሽልማት ተቀበለች። በ1977 ዓ.ም. ያሳተመችው «አደገኛው ጉዞ» በውሃ ቀለም ተሥሏል፤ ጸጥታ የሰለቻት ሱሳና ሣር ላይ ያገኘችውን እንግዳ መነጽር ስታደርግ ዓለሙ ሁሉ ተለውጦ አስፈሪ ይሆንባታል። በቀለሙ ውበት ከቀደሙት የሚያንስ አይደለም፤ ነገር ግን ሱሳናን ወደ አደጋው የወሰዳት የገዛ ምኞቷ ሲሆን፣ ክኒትን ያስነሣው የሌላው ጭንቀት ነውና፣ ለሚፈራ ልጅ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የ1960ውን አነብለታለሁ።