በሕፃናት እስትንፋስ የሳንባ ቧንቧን መቆጣት የመለካት ታሪክ

የሕመምተኛን እስትንፋስ አሽትቶ ደዌን መለየት ከጥንታውያን የግሪክ ሐኪሞች ጀምሮ የታወቀ ልማድ ነው። ነገር ግን አፍንጫ የሽታውን ዓይነት ቢለይም መጠኑን በቍጥር ሊናገር አይችልም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፥ እስትንፋስ በቍጥር የሚለካ ምስክር ሊሆን የቻለበትን መንገድና ምስክርነቱ በአስም ለሚሠቃዩ ልጆች እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1846 እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሐቺንሰን ስፓይሮሜትር የተባለውን መሣሪያ ለሕክምና ሊቃውንት አስተዋወቀ። መሣሪያው ሰው ከሳንባው የሚያወጣውን የአየር ብዛት ይለካል። አስም ግን በመሠረቱ የአየር ቧንቧ እንደ ቁስል የሚቆጣበት በሽታ ስለሆነ፥ የአየሩ ብዛት ደኅና መስሎ ሳለ ቧንቧው ተቆጥቶ ሊገኝ ይችላል። መቆጣቱን በቀጥታ ለማየት በቧንቧው ውስጥ መመልከቻ አስገብቶ ናሙና መውሰድ፥ ወይም አክታ አስወጥቶ መመርመር ያስፈልግ ነበር። የመጀመሪያው ለሕፃን ከባድ ነው፤ ሁለተኛውም ብዙ ጊዜ አይሳካም።

አዲሱ መንገድ የተከፈተው ካልታሰበ ወገን ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ቀድሞ የሚታወቀው በአውቶሞቢል ጭስ ውስጥ የሚገኝ የአየር በካይ በመሆኑ ነበር። በ1980ዎቹ ዓመታት ግን የሰው ገላ ራሱ እንደሚሠራውና የደም ሥሮችን እንደሚያላላ ታወቀ፤ ለዚህም ፈርችጎት፥ ኢግናሮና ሙራድ በ1998 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በ1991 ጉስታፍሶንና ባልደረቦቹ በስዊድን ይህን ጋዝ በሰውና በእንስሳት እስትንፋስ ውስጥ አገኙ። በ1993 ደግሞ አልቪንግ፥ ዋይትስበርግና ሉንድበርግ በአስም ሕሙማን እስትንፋስ ውስጥ መጠኑ ከፍ እንደሚል አስታወቁ። ምክንያቱም የተቆጣው የቧንቧ ሽፋን ጋዙን የሚሠራውን ኤንዛይም አብዝቶ ስለሚያመነጭ ነው።

ከዚህ በኋላ የቀረው ችግር የአለካኩ ሥርዓት ነበር። በአፍንጫ ዙሪያ ያሉት የአጥንት ክፍተቶች ይህንኑ ጋዝ በብዛት ስለሚያፈልቁ ከሳንባው አየር ጋር ይቀላቀላል፤ አተነፋፈሱም ሲፈጥን መጠኑ ይቀንሳል። ስለዚህ የአሜሪካና የአውሮፓ የሳንባ ሐኪሞች ማኅበራት በ2005 አንድ ደንብ አወጡ። ተመርማሪው ተቃውሞ ባለው ቱቦ ውስጥ በሴኮንድ 50 ሚሊሊትር ያህል ይተነፍሳል፤ ተቃውሞውም ወደ አፍንጫ የሚወስደውን መንገድ ያዘጋል። ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ቢያንስ 4 ሴኮንድ፥ ለሌሎች 6 ሴኮንድ በቂ ነው። በ2011 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ ደግሞ በልጆች ከአንድ ቢሊዮን የአየር ክፍል ከ20 በታች የሆነውን ዝቅተኛ፥ ከ35 በላይ የሆነውን ከፍተኛ ብሎ መደበ።

እንግዲህ ቍጥሩ ከተገኘ፥ መድኃኒቱን በእርሱ መምራት ይገባልን? በ2016 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ይህን ካደረጉት ልጆች መካከል ሕመማቸው የተነሣባቸው ቍጥራቸው እንደቀነሰ አመለከተ። በ2022 በብሪታንያ ከ500 በሚበልጡ ልጆች ላይ የታተመው ጥናት ግን ምልክቶችን በማየት ብቻ ከሚሰጠው ሕክምና የበለጠ ጥቅም አላገኘም።

የልዩነቱን መንሥኤ በከፊል ከራሱ ከጋዙ ጠባይ መረዳት ይቻላል። አስም የሌለበት ነገር ግን አለርጂ ያለበት ልጅ ከፍ ያለ ቍጥር ሊያሳይ ይችላል፤ ናይትሬት የበዛበት አትክልትም መጠኑን ያሳድጋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው፥ የሚሳበውን መድኃኒት በሚገባ ያልወሰደ ልጅ ቍጥሩ ከፍ ማለቱ ነው። ለእንደዚህ ያለው ልጅ ወላጆቹን ጠይቆ አወሳሰዱን ማረም ሲገባ፥ መሣሪያውን ብቻ አይቶ መድኃኒት መጨመር ስሕተት ይሆናል።

ስለዚህ እስትንፋስ ሕፃኑን ሳያሠቃይ ስለ ቧንቧው መቆጣት የሚመሰክር መሆኑ አያጠራጥርም፤ ፍርዱ ግን ልጁን መርምሮ ታሪኩን ለሰማው ሐኪም ሊተው ይገባል።