የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስታዲየምና የተመልካቹ መቀነስ

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከመማሪያ አዳራሾቻቸውና ከቤተ ሙከራዎቻቸው ጎን ከመቶ ዓመት በላይ ሲገነቡት የኖሩት አንድ ሌላ ታላቅ ሥራ አለ፤ ይኸውም ስታዲየም ነው። በሚቺጋን ግዛት የምትገኘው የአን አርቦር ከተማ በ2020 በተደረገው ቈጠራ የነዋሪዎቿ ብዛት 124,000 ያህል ሲሆን፣ በከተማዋ ውስጥ ያለው የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም 107,601 መቀመጫ አለው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በሜዳው የሚጫወቱት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ናቸው፤ ጨዋታውም በኢትዮጵያ እግር ኳስ ተብሎ የሚታወቀው ሳይሆን፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትና የሚወረወርበት የአሜሪካኖቹ እግር ኳስ ነው።

እንዲህ ያለውን ስታዲየም የሚሞላው ሕዝብ እየሳሳ መምጣቱ ከታወቀ ቆይቷል። በከፍተኛው የኮሌጅ ውድድር ደረጃ ለአንድ ግጥሚያ የሚመጣው ተመልካች በ2008 በአማካይ ወደ 47,000 ተጠግቶ ነበር፤ በ2017 ወደ 42,203፣ በ2018 ደግሞ ወደ 41,856 ወረደ። ይህ የመጨረሻው ቍጥር ከ1996 ወዲህ ከታዩት ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። ከወረርሽኙ በኋላ በ2022 የማንሰራራት ምልክት ታይቷል፤ በታላላቆቹ ቡድኖች ሜዳም ዛሬ ድረስ ቦታ የሚጠፋበት ቀን አለ። ይሁን እንጂ የተጠቀሱት ቍጥሮች በራሳቸው ጥንቃቄ የሚሹ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ የሚታወጀው የተሸጠው ወይም የታደለው ትኬት እንጂ በበሩ የገባው ሰው አይደለምና። ዎል ስትሪት ጆርናል የተባለው ጋዜጣ በ2018 የዩኒቨርሲቲዎችን መዝገብ ሰብስቦ እንዳወጣው፣ በ2017 በየበሩ በመሣሪያ የተነበበው ትኬት ከታወጀው የተመልካች ቍጥር በአማካይ 71 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩን በዋጋ መወደድ ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ ትኬቱን በእጁ ይዞ ከቤቱ ያልወጣው ሰው ቍጥር ቀላል አይደለም።

ስለ ምክንያቱ ሲጠየቅ በብዛት የሚሰማው መልስ ወጣቱ ትውልድ ከስልኩ ጋር ተጣብቆ መቅረቱ ነው። መልሱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት ባይሆንም ጥፋቱን ሁሉ በተመልካቹ ላይ የሚጥል በመሆኑ ለዩኒቨርሲቲዎቹ የተመቸ ነው። ታሪኩ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው፤ ተመልካቹ ከሜዳው ከመራቁ አስቀድሞ ጨዋታው ራሱ በሜዳው ለተገኘው ሰው መሰናዳቱን ትቶ ነበር።

የኮሌጆች እግር ኳስ የመጀመሪያ ግጥሚያ የሚባለው በኅዳር 1869 በኒው ጀርሲ ግዛት በሩትገርስና በፕሪንስተን መካከል የተደረገው ነው። ሩትገርስ 6 ለ 4 ሲያሸንፍ በቦታው የተገኘው ተመልካች አንድ መቶ ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ሠላሳ ዓመታት ተመልካቹ በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ሆነ፤ የሚቀመጥበትም የእንጨት ርብራብ እሳትንና ክብደትን የማይችል መሆኑ ታወቀ። በ1903 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በብረት በተጠናከረ አርማታ ያሠራው ስታዲየም፣ አርማታ ገና በጥርጣሬ ይታይ በነበረበት ዘመን፣ በዓለም ከታዩት የመጀመሪያዎቹ ታላላቅ የአርማታ ሥራዎች አንዱ ነበር። ይህ ሕንጻ በጨዋታው ሕግ ላይ ጭምር ኃይል ነበረው። በ1905 በርካታ ተጫዋቾች በሜዳ ላይ በመሞታቸው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሳይቀር በጉዳዩ በገባ ጊዜ፣ ግጭቱን ለማርገብ ሜዳው ይስፋ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የሃርቫርድ የአርማታ ሰገነት ግን ሜዳውን ለማስፋት የሚያስችል ቦታ አልተወም፤ ስለዚህም ኳስን ወደ ፊት መወርወር በ1906 ተፈቀደ ይባላል።

በ1914 የዬል ዩኒቨርሲቲ ያሠራው ስታዲየም ከዚህም የላቀ ብልኀት የታየበት ነው። መሐንዲሱ ቻርልስ ፌሪ ሜዳውን ከመሬት ወለል በታች ስምንት ሜትር ያህል አስቈፍሮ፣ የወጣውን አፈር በዙሪያው በማስቈለልና በላዩ ላይ መቀመጫ በመደርደር 70,000 ሰው የሚይዝ ትልቅ ገበቴ አበጀ። አፈሩ ከቦታው ርቆ አልተጓጓዘም፤ ሰገነቱን የሚሸከም ብዙ ዐምድም አላስፈለገም። ይኸው ዘዴ ለካሊፎርኒያዎቹ ታላላቅ ስታዲየሞች አርአያ ሆነ።

በሚቺጋን የስፖርት ኃላፊው ፊልዲንግ ዮስት በ1927 ያስከፈተው ስታዲየም ከገንዘብ አያያዙ አንጻር ይበልጥ ትኩረት ይስባል። ወጪው 950,000 ዶላር ያህል ነበር። ገንዘቡ የተገኘው ከግብር ከፋዩ ሳይሆን እያንዳንዱ 500 ዶላር የሆነ 3,000 የብድር ሰነድ ለሕዝብ በመሸጥ ነው። ሰነዱን የገዛ ሰው በዓመት 3 በመቶ ወለድ ከማግኘቱም በላይ ለአሥር ዓመት በመካከለኛው ሥፍራ ትኬት የመግዛት መብት ነበረው። ዮስት መሠረቱን ያስጣለውም ወደፊት 100,000 ሰው ለሚሸከም ሰገነት እንዲበቃ አድርጎ ነው። ግምቱም አላሳፈረውም፤ ከኅዳር 1975 ጀምሮ፣ በወረርሽኙ ምክንያት ሜዳው ከተዘጋበት ከ2020 በቀር፣ በዚያ ስታዲየም የታወጀው የተመልካች ቍጥር ከ100,000 በታች ሳይወርድ ለብዙ አሠርት ዓመታት ዘልቋል።

እነዚህ ሁሉ ሥራዎች የተመሠረቱት አንድ ማንም ባላነሣው ግምት ላይ ነበር፤ ጨዋታውን ለማየት የፈለገ ሰው ወደ ቦታው ከመሄድ በቀር ሌላ መንገድ የለውም የሚል። ከመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠ ሰው ኳሱን በውል ባያየውም፣ ለአንድ ሰው የሚደርሰው የአግዳሚ ስፋት 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ የሚያወዳድረው ነገር ስለሌለ አያማርርም ነበር።

በመስከረም 1939 በኒው ዮርክ በፎርድሃምና በዌይንስበርግ ኮሌጆች መካከል የተደረገው ግጥሚያ በቴሌቪዥን ተላለፈ። በጊዜው መቀበያው ያለው ሰው እጅግ ጥቂት ስለነበረ ያስደነገጠው አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ ግን መቀበያው በየቤቱ ሲገባ የሜዳው ገቢ ማሽቈልቈል ጀመረ። የኮሌጆች ብሔራዊ የአትሌቲክስ ማኅበር ጥናት አስጠንቶ ቴሌቪዥን የስታዲየሙን በር እንደሚጎዳ ከተነገረው በኋላ፣ ከ1951 ጀምሮ የሚተላለፈውን ግጥሚያ በጥብቅ ወሰነ። የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ በሜዳው የሚደረገውን ሁሉ አስተላልፋለሁ ብሎ ቢነሣ ማኅበሩ ከመልካም አባልነት ሰረዘው፤ ተጋጣሚዎቹም አንጫወትም ስላሉት እጁን ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ለሠላሳ ዓመት ያህል አገር አቀፍ ሥርጭቱ በጥቂት ግጥሚያዎች ብቻ ተወስኖ ኖረ፤ አንድ ቡድንም በቴሌቪዥን የሚታይበት ጊዜ የተቈጠረ ነበር። የማኅበሩ ሥራ ገበያን ያፈነ መሆኑ አይካድም። ስታዲየሙን የጠበቀው ግን ይኸው አፈና ነው።

ገደቡን ያፈረሰው ክስ የመጣው ከኦክላሆማና ከጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ነው። (ለአለማያ የእርሻ ኮሌጅ መቋቋም ረዳት የሆነው የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ሌላ ነው፤ የከሳሹ ጎረቤትና የሜዳ ባላንጣ ነው።) ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 1984 በ7 ድምፅ ለ2 የማኅበሩ ውል ንግድን በብቸኝነት መያዝን የሚከለክለውን ሕግ ይጥሳል ሲል ወሰነ። የልዩነት ሐሳባቸውን የጻፉት ዳኛ ባይረን ዋይት በ1930ዎቹ ዓመታት በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ስመ ጥር የእግር ኳስ ተጫዋች ነበሩ። እርሳቸው እንደ ተቃወሙት ጉዳዩ የትርፍ ብቻ ሳይሆን ስፖርቱን ከትምህርቱ ጋር አስተሳስሮ የማቈየትም ነው። በሕጉ ረገድ አብላጫው ድምፅ ያመዘነ ቢሆንም፣ ሜዳውን በእግሩ የረገጠው ዳኛ የወደፊቱን አርቆ አይቷል ለማለት ያስደፍራል።

ከ1984 በኋላ ሥርጭቱ ያለ ልክ በዛ፤ የገቢውም ዋና ምንጭ ከትኬት ወደ ማሠራጫ ውል ዞረ። ገንዘብ የሚሰጠው ደግሞ ሥርዓቱንም ይሰጣል። የግጥሚያው ሰዓት ብዙውን ጊዜ የሚቈረጠው በጣቢያዎቹ ፈቃድ፣ ቀኑ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ሆነ። ከሩቅ የሚመጣ ቤተሰብ ግጥሚያው በቀትር ይሁን በሌሊት ሳያውቅ ማደሪያ ሊይዝ አይችልም። ጨዋታው ለማስታወቂያ ሲቆም ተጫዋቾቹ በሜዳው መካከል እጃቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ፤ በቤቱ ያለው ሰው በዚያ መካከል ሌላ ግጥሚያ ሲያይ፣ ከፍሎ የገባው በፀሐይ ወይም በብርድ ባዶ ሜዳ ያያል። አንድ ግጥሚያም ከሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በላይ መፍጀት ጀመረ። በ2023 የሰዓት አያያዙ ሕግ እንዲሻሻል የተደረገው ርዝመቱ ስላስቸገረ ጭምር ነው፤ የማስታወቂያው ዕረፍት ግን አልተነካም። በ1906 የጨዋታውን ሕግ አርማታው እንደ ወሰነው ሁሉ በዚህ ዘመን የጨዋታውን ጊዜ ካሜራው ወሰነው።

ችግሩ በተማሪዎች ዘንድ ጎልቶ ታየ። በሚቺጋን በ2014 የተማሪዎች ትኬት ሽያጭ በብዙ ሺሕ ስለቀነሰ ዩኒቨርሲቲው የዓመቱን ዋጋ ለ2015 ወደ 175 ዶላር ለማውረድ ተገደደ። ቡድኑ በዚያን ጊዜ ደካማ ስለነበረ ይህ ብቻውን አያስደንቅም። የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ግን የአገሩ ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ አሠልጣኙ ኒክ ሴበን ተማሪዎች ጨዋታው ሳያልቅ ጥለው ይወጣሉ ሲሉ በአደባባይ አማረሩ። በ2019 ዩኒቨርሲቲው ተማሪው እስከ መጨረሻው ሩብ ጊዜ በስታዲየሙ መቈየቱን በስልኩ አማካይነት እየተከታተለ ነጥብ የሚሰጥ፣ ነጥቡም ለታላላቅ ግጥሚያዎች ትኬት ቅድሚያ የሚያስገኝ ዘዴ አወጣ። አያቶቹ ለመግባት የተሻሙበትን በር የልጅ ልጁ እንዳይወጣበት መጠበቅ ግድ ሆነ ማለት ነው።

የነገሩን ክብደት ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የካሊፎርኒያው በርክሌይ ነው። የዩኒቨርሲቲው የመታሰቢያ ስታዲየም በ1923 የተሠራው ሄይዋርድ በተባለው ንቁ የመሬት ስንጥቅ ላይ ነው። ስንጥቁ ዓመት ከዓመት በዝግታ በመንሸራተቱ ግድግዳው ተሰነጣጥቆ ነበር። ከ2010 እስከ 2012 በ321 ሚሊዮን ዶላር ሲታደስ መሐንዲሶቹ በስንጥቁ ላይ ያረፈውን የሰገነት ክፍል ከቀረው ሕንጻ ቈርጠው ለይተው፣ ምድር ብትንቀጠቀጥ ወደ ጎን 1.8 ሜትር ያህል ለብቻው እንዲንሸራተት በአሸዋና በፕላስቲክ ንጣፍ ላይ አስቀመጡት። በስምጥ ሸለቆ ዳርቻ ለሚሠራ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ይህ ዘዴ ጊዜ ወስዶ ሊያጠናው የሚገባ ነው።

የገንዘቡ ዕቅድ ግን ከምድሩ ይልቅ የሚንሸራተት ሆነ። ዩኒቨርሲቲው እንደ ዮስት ሁሉ በመቀመጫ ዋስትና ለመሥራት አሰበ፤ ነገር ግን መብቱ የአሥር ሳይሆን የ40 እና የ50 ዓመት ነበር፤ የአንዱ መቀመጫ ዋጋም ከ40,000 እስከ 225,000 ዶላር ይደርስ ነበር። ሽያጩ ከተጠበቀው እጅግ ያነሰ ሆነ። የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስና የቡድኑ መድከም ድርሻ ነበራቸው፤ ዋናው ስሕተት ግን የልጅ ልጅ ጭምር በዚያች ወንበር ላይ ለመቀመጥ ይፈልጋል የሚለው ግምት ነበር። በ2018 ዩኒቨርሲቲው ከስታዲየሙ ዕዳ የሚበልጠውን እጅ ከስፖርት ክፍሉ ወደ ራሱ መዝገብ አዛወረ። ለላይብረሪና ለመምህር ሊውል የሚችል ገንዘብ ለአግዳሚ ወለድ የሚከፈልበት ሁኔታ በዚህ ዓይነት መጣ።

የአካባቢ ቅርርብና የቆየ ባላንጣነት ሰውን ከቤቱ ያስወጣ የነበረ ሌላው ኃይል ነው። ይህም ለማሠራጫ ውል ሲባል ተነካ። ከ1894 ጀምሮ ሲጋጠሙ የኖሩት የቴክሳስና የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲዎች በተለያየ ኮንፈረንስ ስለገቡ ከ2011 በኋላ እስከ 2024 ድረስ ሳይጋጠሙ ቀሩ። በ2024 ደግሞ በሰላማዊ ውቅያኖስ አጠገብ ያሉት በርክሌይና ስታንፎርድ የአትላንቲክ ጠረፍ የሚል ስም ባለው ኮንፈረንስ ውስጥ ገቡ። በ1869 ከሠላሳ ኪሎ ሜትር የማይርቅ ጎረቤቱን የገጠመው ሩትገርስም ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ከሚርቁት ከሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በአንድ ማኅበር ተመደበ። በቴሌቪዥን ርቀቱ ለውጥ የለውም፤ በመኪና ለሚሄድ ደጋፊ ግን የማይታሰብ ነው።

በአንዳንድ ሥፍራ የሕንጻ ባለሙያዎች መልሱን በመጠን ማሳነስ ፈልገዋል። ስታንፎርድ በ1921 በአፈር ሙሌት ያሠራውና በኋላ ከ80,000 ሰው በላይ የያዘው፣ በ1994ም የዓለም ዋንጫ ግጥሚያዎች የተደረጉበት ስታዲየም በ2006 በ50,000 መቀመጫ ተተካ። በአዲሱ ሥራ የመሮጫው መም ተነሥቶ መቀመጫው ወደ ሜዳው ቀረበ። በቺካጎ አጠገብ የሚገኘው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲም በ1926 የተሠራውንና 47,000 ሰው ይይዝ የነበረውን ስታዲየሙን አፍርሶ፣ ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሚፈጅ ወጪ 35,000 ሰው ብቻ የሚይዝ አዲስ ስታዲየም በዚያው ቦታ እንዲሠራ ወስኗል።