ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ጠዋት የት ነበራችሁ?

እያንዳንዱ የኢትዮጵያ ትውልድ «ያን ዕለት የት ነበርክ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሳያመነታ የሚመልስበት አንድ ክፉ ቀን አለው። አያቶቻችን የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.ን፣ የግራዚያኒን ጭፍጨፋ፣ እንዲያ ነበር የሚያወሩት፤ ማን በየትኛው አጥር ዘሎ እንደ ተረፈ፣ ማን ከበሩ ላይ እንደ ቀረ። ከእኛ በኋላ የመጡት ደግሞ ሰኔ 1 ቀን 1997 ዓ.ም.ን ያነሣሉ። የእኔና የእኩዮቼ ቀን ግን እሑድ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ግድያው የተፈጸመው ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ቢሆንም አገሩ የሰማው በዚያ ጠዋት በሬዲዮ ነበርና።

ነገሩን ላልደረሱበት ወጣቶች ባጭሩ ላስታውስ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የታክሲ ነጂው፣ የመምህሩ፣ የተማሪውና የወታደሩ አድማ ተደራርቦ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። በእግራቸው የተተኩት ልጅ እንዳልካቸው መኰንንም ከጥቂት ወራት በላይ አልቆዩም። ሰኔ 21 ቀን የተሰባሰበው የወታደሮች ኮሚቴ፣ ማለትም ደርግ፣ ሹማምንቱን አንድ በአንድ እየለቀመ አሰረ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን በቮልስዋገን ጭኖ ከቤተ መንግሥታቸው አወጣ። ይህ ሁሉ ሲሆን የጎላ ደም አልፈሰሰም ነበር። «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚለው መፈክር «ያለ ምንም ደም» ከሚለው ጋር ተቆራኝቶ በየአደባባዩ ይሰማ ነበር። አገሩም ዓለም ያላየችው ለውጥ ሊሠራ ነው እየተባለ ይወራ ነበር።

እኔ ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ጉለሌ ነው። ረቡዕ ሳይሆን ሐሙስ፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ እንደ ልማዱ በየሰፈሩ ቆሻሻ ተከምሮ ተቃጥሎ ነበር። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ሕዝቡን የፈጀው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ቅዳሜ የጾመ ነቢያት ቅበላ ነበር። እሑድ ጾም ገባ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ አባቴ ሬዲዮኑን ከፍ አድርገው መስኮቱ አጠገብ እንደ ተቀመጡ፣ የደርጉ መግለጫ መነበብ ጀመረ። የስም ዝርዝር ነበር። ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ ራሶች፣ ጄኔራሎች፣ ሚኒስትሮች፣ ወደ ስልሳ ሰው። «ፖለቲካዊ ውሳኔ» ተላልፎባቸው ተገድለዋል ተባለ።

አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መዝገብ ሲያገላብጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ዝርዝሩ ሲያበቃ ያለቀሱም የተደሰቱም አልነበሩም። «ለመሆኑ የትኛው ችሎት ነው የፈረደው? ዳኛው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። መልሱ የመጣው ሬዲዮ ለመስማት ከእኛ ደጃፍ ከቆመው ጎረቤታችን ነበር። የወሎ ሰው ነው፤ በረኃቡ ወንድሞቹን ቀብሯል። «ጋሼ፣ ወሎ እንደ ቅጠል ሲረግፍ የትኛው ችሎት ተሰየመ?» አለ። አባቴ መልስ አልሰጡትም። ግቢው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ እኩሉ በአንደኛው፣ እኩሉ በሌላው ቃል ራሱን እየነቀነቀ ተበተነ።

እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ግማሽ ምዕተ ዓመት አብረውኝ ኖረዋል። የጎረቤታችን ጥያቄ እውነት ነበረው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ለመሸፈን እንደ ሞከረ የማይካድ ነው። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣውን ፊልም ደርግ ቆራርጦ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በቴሌቪዥን ሲያሳየን፣ የማይናደድ ሰው ቢኖር ልብ የሌለው ብቻ ነበር።

ይሁን እንጂ የአባቴ ጥያቄ ለሹማምንቱ ጥብቅና መቆም አልነበረም። ለፍርድ የሚያበቃው መንገድ ሁሉ ተዘጋጅቶ ነበራ! የቀድሞ ባለሥልጣናትን ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ሥራውን ይዟል። አክሊሉ ሀብተ ወልድ ከእስር ቤት ሆነው ለዚሁ ኮሚሽን የጻፉት ማስታወሻ ከብዙ ዓመታት በኋላ ታትሞ አንብበነዋል። ደርግም ራሱ በዚያው በኅዳር ወር ልዩ የጦር ፍርድ ቤት የሚያቋቁምና ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የሚደነግግ ዐዋጅ አውጥቷል። ኮሚሽኑም ነበር፤ ሕጉም ነበር፤ ችሎቱም ታውጇል። ያን ሁሉ ወደ ጎን ብሎ አንድ ስብሰባ ላይ ስም እየተጠራ፣ እጅ እየወጣ፣ ሰው ለሞት ተመረጠ። በዚያው ሌሊት ወደ ከርቸሌ ተወስደው በጥይት ተደብድበው በአንድ ጉድጓድ ተጣሉ።

ደግሞስ የሞቱት እነማን ነበሩ? ከራስ አሥራተ ካሣ፣ ከሌተና ጄኔራል ዐቢይ አበበና ከሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ጋር፣ ከዘውዱ ሥልጣን ምንም ያልቀመሱ ዝቅተኛ ማዕርግ ያላቸው ወታደሮችም ነበሩበት። የደርጉ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር የነበሩት ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ደግሞ ወደ ኤርትራ ተጨማሪ ጦር መላኩንና እስረኞቹን ያለ ፍርድ መግደሉን በመቃወማቸው ከባልደረቦቻቸው ጋር ተጣልተው፣ በዚያው ምሽት እጄን አልሰጥም ብለው በመኖሪያ ቤታቸው ተዋግተው ወደቁ። ረኃብ ደበቀ የተባለው ሚኒስትርና በሠራዊቱ ውስጥ አድማ አስነሣ የተባለው ተራ ወታደር በአንድ ዝርዝር ሲነበቡ፣ የወሎ ደም ሰበብ እንጂ ምክንያት እንዳልነበረ መረዳት አይከብድም።

«እሳት ካየው ምን ለየው» ይላል ያገራችን ሰው። አንድ ጊዜ ያለ ዳኛ መግደል ከተቻለ በኋላ ማን ይቀራል? ንጉሠ ነገሥቱ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ተገደሉ። ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ከጓዶቻቸው ጋር ተረሸኑ። የደርጉ ምክትል ሊቀ መንበር አጥናፉ አባተም በኅዳር 1970 ዓ.ም. በተራቸው ሄዱ። የቀይ ሽብሩን ወጣትማ ማን ቆጥሮ ይዘልቀዋል! ያ የወሎው ጎረቤታችን የመጀመሪያ ልጁን ያጣው በ1970 ዓ.ም. ነበር። ሬሳውን ከመንገድ ዳር አንሥቶ እንዳያለቅስ ተከለከለ። ያን ሰሞን አባቴ በምሽት ተደብቀው ሊያጽናኑት ሲገቡ ምን እንደ ተባባሉ አላውቅም። ስለ ችሎት ያነሣ ግን ከሁለቱ አንድም ያለ አይመስለኝም።

ታሪክ መቼም ምጸት አያጣም። ለሌላው ችሎት የነፈጉት የደርግ ባለሥልጣናት ራሳቸው ችሎት አገኙ። በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. የተጀመረው የክስ ሂደት፣ የስልሳዎቹን ግድያ ጨምሮ፣ ጠበቃ ቆሞለት፣ ምስክር ተሰምቶበት፣ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጅቶ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በጥፋተኝነት ተደመደመ። ዚምባብዌ የተሸሸጉት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም በሌሉበት ተፈረደባቸው። ያ ሂደት ረጅም ነበር፤ ጉድለቱም ብዙ ሊባልለት ይችላል። ቢሆንም የአባቴን ጥያቄ ለሚጠይቅ ሰው መልስ ነበረው፤ ዳኛው ይታወቃል፣ መዝገቡም ተቀምጧል።

የስልሳዎቹ አጽም ከጉድጓድ ወጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። «ዓለም በቃኝ» የሚባለው ወህኒ ፈርሶ፣ በሥፍራው የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት በጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። ዛሬ በዚያ በኩል የሚያልፍ ወጣት ከሥሩ ምን እንደ ነበረ የሚነግረው ሰው ካላገኘ ሕንፃውን ብቻ ነው የሚያየው።

እኛ በስደት ያለነው ደግሞ ኅዳር በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ክርክር እንከፍታለን። አንዱ ስልሳዎቹን ቅዱሳን ያደርጋቸዋል፤ ሌላው «የእጃቸውን አገኙ» ይላል። ዋሽንግተን ካፌ ውስጥም ሆነ ፍራንክፈርት ለቅሶ ቤት ክርክሩ ያው ነው። በእኔ በኩል ክርክሩ ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። ሰውዬው ደግ ነበር ወይስ ክፉ የሚለውን የሚመልስ ችሎት ነበር፤ ያ ችሎት በዚያ ሌሊት አብሯቸው ተገደለ። ከዚያ ወዲህ የመጣ መንግሥት ሁሉ ጠላቱን ያለ ፍርድ ሲያስር፣ ሲገድል፣ የሚያጨበጭብለት ወገን አጥቶ አያውቅም። የሚያጨበጭበው ሁሉ ደግሞ የራሱ በደል አለው፤ ልክ እንደ ጎረቤታችን። ክፋቱ እዚያ ላይ ነው። ያለ ዳኛ የሚፈሰው ደም ሁልጊዜ በእውነተኛ እንባ ተሸፍኖ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ያን ጠዋት የምታስታውሱ ሁሉ ዕድሜያችን ሳያልቅ ጻፉት። የት እንደ ነበራችሁ ብቻ ሳይሆን በቤታችሁ፣ በግቢያችሁ ምን እንደ ተባለም ጻፉ። ማን «ይበላቸው» አለ? ማን ዝም አለ? ማን ዳኛውን ጠየቀ? የመሪዎችን ስም ዝርዝር የታሪክ መጻሕፍት ይዘውታል። የሕዝቡን ቃል ግን ከእኛ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ልጆቻችንም ነገ ተመሳሳይ ሬዲዮ ሲሰሙ ምን እንደሚሉ የሚማሩት ከዚያ ነው።

ቸር ይግጠመን።