ጉበት እስኪነቃ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሙያው መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለም። ይሁን እንጂ የበኩር ልጁ በተወለደች በሦስተኛው ቀን የወፍ በሽታ ይዟት፣ ዓይኗም ቆዳዋም ቢጫ ሆኖ ሁለት ሌሊት በሰማያዊ መብራት ሥር ስታድር፣ «ይህን መብራት ማን አሰበው?» ብሎ መጠየቁ አልቀረም። የመልሱ ግማሽ ከአይጦች፣ ግማሹም ከአንዲት ነርስ ዘንድ ተገኘ።

ያረጁ ቀይ የደም ሴሎች ሲፈርሱ ቢሊሩቢን የተባለ ቢጫ ቅሪት ይተዋሉ። ቅሪቱ በውሃ ስለማይሟሟ ጉበት በአንድ ኤንዛይም አማካይነት ከግሉኩሮኒክ አሲድ ጋር አጣምሮ በሐሞት ያስወግደዋል። ፅንሱ በማኅፀን ሳለ ይህን ተግባር የእናቲቱ ጉበት ይፈጽምለታል። እትብቱ ሲቆረጥ ግን የሕፃኑ ጉበት ገና አልነቃም። ቅሪቱ በደም ውስጥ ከመጠን ካለፈ ወደ አንጎል ገብቶ ይገድላል፤ ወይም ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ጉዳት ያደርሳል።

ይህ መዘግየት በሙከራ የታየው በ1958 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ብራውንና ዙልዘር የተባሉ ተመራማሪዎች በዲትሮይት የጊኒ ፒግ ፅንሶችንና ግልገሎችን ጉበት መርምረው፣ ኤንዛይሙ ከልደት በፊት እጅግ ደካማ መሆኑንና ከልደት በኋላ እየበረታ መሄዱን አሳዩ። በ1978 ደግሞ ዊሻርት የአይጥን ጉበት ሲመረምር ይበልጥ የሚያስደንቅ ነገር አገኘ፤ ይኸውም የዚህ ኤንዛይም ቤተሰብ አንዱ ወገን ከልደት ጥቂት ቀናት ቀድሞ ሲነቃ፣ ቢሊሩቢንን የሚያጣምረው ወገን የሚነቃው ግን ከልደት ወዲህ መሆኑን ነው። በሰውም ዘንድ በ1981 የታተመ ጥናት፣ በመወለጃው ሰሞን የኤንዛይሙ ኃይል ከአዋቂው 1 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ እንደተገኘ ይገልጻል። ያለ ቀኑ የተወለደም ቢሆን ኤንዛይሙ ማደግ የሚጀምረው ከተወለደ በኋላ ነው። እንግዲህ የሚቀሰቅሰው የፅንሱ ዕድሜ ሳይሆን መወለዱ ራሱ ነው ማለት ነው።

ላቦራቶሪዎቹ በዚህ ሲደክሙ፣ በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ በሚገኘው በሮችፎርድ ሆስፒታል ያለ ቀናቸው የተወለዱትን ሕፃናት ትጠብቅ የነበረችው ሲስተር ዋርድ፣ ቀኑ ሲሞቅ ሕፃናቱን ወደ ግቢው ፀሐይ ታወጣቸው ነበር። በ1956 ከእነዚህ አንዱን ለሐኪሞቹ ስታሳይ፣ ሌላው ገላው ነጥቶ አንሶላ የሸፈነው ቦታ ብቻ ደማቅ ቢጫ ሆኖ ታየ። ኋላም ፀሐይ ላይ ተረስቶ የዋለ የደም ናሙና ሲለካ ቢሊሩቢኑ ቀንሶ ተገኘ። ክሬመር፣ ፔሪማንና ሪቻርድስ ከዚህ ተነሥተው ሰማያዊ የፍሎረሰንት ቱቦዎች የተደረደሩበት መሣሪያ አሠርተው፣ ውጤቱን በዚያው በ1958 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። የነርሲቱ ስም ከጸሐፊዎቹ ጎን አለመሰለፉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቅር ያሰኛል። የሉሲና የባልደረቦቹ ሙከራ በአሜሪካ የታተመውም ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1968 ነው።

ብርሃኑ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ የረዱት፣ ጋን በ1938 በካናዳ የገለጻቸው፣ ኤንዛይሙ በውርስ የሌላቸውና ዕድሜያቸውን ሁሉ ቢጫ ሆነው የሚኖሩ አይጦች ናቸው። በብርሃን ሥር ሲቀመጡ ቢሊሩቢኑ ያለ ኤንዛይም ወደ ሐሞት አለፈ። 460 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ሰማያዊ ብርሃን የሞለኪዩሉን ቅርጽ ስለሚለውጠው ሳይጣመር መውጣት ይችላል። በእኛ ሙያ አነጋገር፣ ዋናው ቧንቧ እስኪከፈት ድረስ የማለፊያ መስመር መዘርጋት መሆኑ ነው።

የሮችፎርድም ግቢ ሐሳብ አልተረሳም። በ2015 የታተመ የናይጄሪያ ጥናት፣ ጎጂውን ጨረር በሚያስቀር ስስ ፕላስቲክ ሥር የፀሐይ ብርሃን ያገኙ ሕፃናት በኤሌክትሪክ መብራት ከታከሙት ያላነሰ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል፤ ፀሐይ እስካለች ድረስ።