የሚሰማ ጆሮ፦ ቁርአን ከሉሕ እስከ ስልክ



«አልሐምዱ ሊላህ» ስንል «ሐ»ን እንዴት ነው የምናወጣት? ፊደላችን ሀ እና ሐን ለየብቻ ይጽፋል፤ አማርኛ የለመደ ምላሳችን ግን አንድ አድርጎ ይጠራቸዋል። በዓረብኛ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ሲተካ ትርጉም ይበላሻል። ሙስሐፍ ደግሞ ስንሳሳት ዝም ይላል። የሚያርመን የሚሰማን ሰው ነው።

ይህ ነገር ጥንትም ይታወቅ ነበር። ሰይዱና ዑስማን (ረ.ዐ) ሙስሐፎችን አስገልብጠው ወደ ከተሞች ሲልኩ የሚያስቀሩ ሰዎችንም አብረው እንደላኩ ዑለማዎች ይተርካሉ። አቡ ዐብዱረሕማን አስ-ሱለሚ ኩፋ መስጂድ ተቀምጠው 40 ዓመት ያህል አስቀርተዋል። ዛሬ አብዛኞቻችን የምንቀራበት የሐፍስ አቀራር ሰንሰለቱ በእሳቸው በኩል ያልፋል። በነገራችን ላይ፣ በአማርኛ «ሰነድ» ወረቀት ነው፤ በቁርአን ቤት ግን ሰነድ ማለት የሰዎች ሰንሰለት ነው።

በእኛም አገር በወሎ ደረሳው ሉሑን ይዞ ሸይኹ ፊት ቁጭ ይላል። ይቀራል፣ ይታረማል፣ ሲያስተካክል ሉሑን አጥቦ ቀጣዩን ይጽፋል። ሳይሰሙት አያጥብም።

ከዚያ ማተሚያ ቤቱ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1924 ካይሮ የታተመው ሙስሐፍ በመላው ዓለም ተሰራጨ። ሙስሐፉ በዛ፤ ብዙ ቦታ ግን አብሮት የሚሄድ ሰው አልነበረም። ግብጻዊው ለቢብ አስ-ሰዒድ በ1950ዎቹ መጨረሻ «ቁርአን በጽሑፍ እንደተሰበሰበ ሁሉ በድምፅም ይሰብሰብ» የሚል ሐሳብ ያቀረቡት ለዚህ ነው። ሸይኽ መሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ሙሉውን ቀርተው በ1961 ወጣ። ልብ በሉ፤ ያን የመሰለ ቃሪእ እንኳ ሲቀረጽ የዑለማዎች ኮሚቴ እየሰማ ይከታተለው ነበር። በ1964 የካይሮው የቁርአን ሬድዮ ጀመረ፤ ካሴቱም ተከተለ። በ1980ዎቹ ደግሞ ኩዌት ውስጥ የተመሠረተው ሰኽር ኩባንያ ቁርአንን ኮምፒውተር ውስጥ አስገባ፤ አንድን ቃል መፈለግ የሰከንዶች ሥራ ሆነ።

እነዚህ ሁሉ ትልቅ ኒዕማ ናቸው። ግን ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄዱ ነበሩ፤ ያሰሙናል እንጂ አይሰሙንም። አል-ሑሰሪን በካሴት ሺህ ጊዜ ሰምቶ «ሐ»ን እንደ «ሀ» እየቀራ ያረጀ ሰው ስንቱ ነው!

ስልክን ከእነዚህ ጋር ደምረን «ያው ማሽን ነው» የምንል ብዙ ነን። እኔም እል ነበር። በሺህ የሚቆጠር ተከታይ ያለው ቻናል በእርግጥ ካሴቱ ራሱ ነው፤ ሰምተን እናልፋለን፣ ማንም አይሰማንም። ወደ አንድ ኡስታዝ የሚላክ የድምፅ መልእክት ግን ሌላ ነገር ነው። ተማሪው ራሱ ሲቀራ የሚሰማው ሰው አለ። ጠፍቶ የነበረው የሸይኹ ጆሮ ተመለሰ ማለት ነው።

ዐረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ይህን ከእኛ ቀድመው ገብቷቸዋል። የቤቱ ሥራ አልቆ ሰው ሲተኛ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነው በሹክሹክታ ግማሽ ገጽ ቀርተው ለኡስታዛቸው ይልካሉ። ኡስታዟ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ሆና ከሱብሒ በኋላ ትሰማና ትመልሳለች፦ «ማሻአላህ። ሁለተኛዋን አያ ድገሚያት፤ ሐዋ ከጉሮሮሽ መሐል ትውጣ።»