ቁጣ ወይስ ዕቅድ?

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ከቴዎድሮስ አደባባይ ሽቅብ ያለው የአራዳ ጊዮርጊስ በየካቲት 1929 ዓ.ም. የፋሽስት እሳት ተለቆበታል። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ የአዲስ አበባ ሕዝብ ሦስት ቀን ተጨፈጨፈ። ኢትዮጵያ ሟቾቹን 30,000 ብላለች፤ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል 19,000 ግድም ይገምታል።

«የቦምቡ ቁጣ ነው እንጂ ዕቅድ አልነበረም» የሚሉ አልጠፉም። የአይሁድን እልቂት የሚክዱትም መንገዳቸው ይኸው ነው፤ በቁጥሩ ይጀምሩና ዕቅዱን ይክዳሉ። ነገር ግን ሙሶሊኒ «አማፅያን» ባላቸው ላይ የሽብርና የማጥፋት ፖሊሲ እንዲፈጸም በቴሌግራም ያዘዘው በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ነው፤ ከቦምቡ ሰባት ወር ቀድሞ። ቦምቡ ሰበብ ሆነ እንጂ ሥሩ ጥቁርን ከሰው በታች የሚያይ አስተሳሰብ ነበር። አፊሌ የተባለች የጣሊያን ከተማ በ2004 ዓ.ም. ለግራዚያኒ መታሰቢያ ስታቆም የተካደውም ይኸው ሥር ነው። እንግዲህ ሰማዕታትን በየዓመቱ ስንዘክር፣ ትእዛዙ የወጣበትንም ቀን አብረን እናስታውስ።